መጋጠሚያው አልለቀቀም

ሞጣ ላይ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ሁሉ አብዱሰመድን ያውቀው ነበር። ሰዓት የሌለውም በጠረኑ ያውቀዋል። ከመስጊዱ ዝቅ ብላ ባለችው ጠባብ ሱቁ ፊት ያለፈ ሁሉ አፍንጫውን ይይዝ ነበር። ጣፋጭም መራራም የሆነ፣ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የሚል፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀር ሽታ ነው። አንዳንዱ "መርዝ ይቀምማል" ይላል፤ ሌላው "ተዉት፣ ተደብቆ የሚጠጣው ነገር አለው" ይላል። ሰውየው ግን አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም። መስታወት ነበር የሚሠራው።

መስታወት ስል እውነተኛውን መስታወት ማለቴ አይደለም። ጥርት ያለ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ አለ፤ እኛ አገር "ፕላስቲክ መስታወት" እንለዋለን። የሰዓት ፊት ሲሰበር ሌላው ሰዓት ሠሪ "አዲስ አበባ ይላክ" ይላል። አብዱሰመድ ግን ከዚህ ፕላስቲክ በቀጭን መጋዝ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በማግስቱ "ያውልህ" ይላል። የራዲዮ ፊት ሲሰነጠቅም፣ የመነጽር ክፈፍ ሲለያይም ሰው ወደ እሱ ነው የሚሄደው።

ሙያውን ያገኘው አዲስ አበባ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከአጎቱ ጋር የማር ጭነት ተከትሎ ሄዶ፣ ፒያሳ አካባቢ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚሠራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ዘንድ ተቀጠረ። ፊደሉን የሚጽፉት ሌሎች ነበሩ። የእሱ ሥራ ፕላስቲኩን ቆርጦ ማጋጠም ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ሠራ። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጁ አገሩ ገባ፣ ሱቁም ተዘጋ። አብዱሰመድ አንድ ቡናማ ጠርሙስ፣ አንድ የሐኪም መርፌና አንድ እቅፍ ቁርጥራጭ ፕላስቲክ ይዞ ሞጣ ተመለሰ። ኸይራትን አገባ፤ ዓሊማ የምትባል ልጅ ወለዱ። ጠርሙሱ ሲያልቅ በሾፌር እጅ ከአዲስ አበባ ያስመጣል።

እኔ ያወቅሁት በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብቸና የአዳራሽ ዘበኛ ነበርኩ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። በሰሜን ሰው በረሃብ እንደ ቅጠል እየረገፈ ነው ይባላል፤ የሚባለው ግን በሹክሹክታ ነው። ወደ እኛ አዳራሽ ቀይ ጨርቅ በጥቅል፣ ቀለም በጣሳ ይገባል። ኤግዚቢሽን ሊዘጋጅ ነው።

የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ፋንታ የሚባል፣ ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነበር። ክፉ አይመስልም፤ ፈገግታ ከፊቱ አይጠፋም። ሲናገር ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉርና ያወጣውን ነገር አየት አድርጎ መልሶ ይበላዋል። ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለማዋረድ አይደለም። ዐሥር ጊዜ አይቼው ዐሥር ጊዜ ስላቅለሸለሸኝ ነው።

ጓድ ፋንታ የፈለገው አንድ ትልቅ ጥርት ያለ ሣጥን ነበር። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር። ውስጡ ካለፈው ዓመት አውድማ ተመርጦ የተወሰደ የጤፍና የስንዴ ዛላ ይቆማል፤ ከበላዩ "የአብዮታችን ፍሬ" የሚል ይጻፋል። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። መስታወት መንገድ ላይ ይሰበራል ተብሎ ፕላስቲኩ በሁለት በኩል ወረቀት እንደለበሰ በጭነት መኪና መጣ። ከመጣ በኋላ ግን የሚያጋጥመው ጠፋ። አንዱ አናጢ በምስማር ሞክሮ አንድ ጥግ ሰነጠቀ፤ ሌላው በእንጨት ሙጫ ሞክሮ በማግስቱ ተላቀቀ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነጋዴ "ሞጣ አንድ ሰው አለ" ያለው። መኪና ተላከ።

አብዱሰመድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቹ በጠባሳ የተሞሉ ሰው ነበር። ፕላስቲኩን አንድ በአንድ በጥፍሩ እየመታ አዳመጠ።

"ስንት ቀን ይፈጅብሃል?" አለው ጓድ ፋንታ።

"ዝናቡ እንደፈቀደ ነው፣ ጌታዬ።"

"ጌታ የሚባል ቀርቷል። ጓድ በል።"

"እሺ፣ ጓድ። ይሄ ማጣበቂያ እርጥበት አይወድም። ጉም ባለበት ሰዓት ካስገባሁት መጋጠሚያው እንደ እርጎ ይነጣል። ፀሐይ ብቅ ባለች ሰዓት ብቻ ነው የምሠራው።"

"በለኛ! ፀሐይንም ኮሚቴ ውስጥ እናስገባት!" አለ ፋንታ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሱ ሲስቅ መሳቅ ያኔ ሥራ ነበር።

አሥራ ሁለት ቀን ሠራ። ረዳት ስላልነበረው ፕላስቲኩን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ጫፉን ያስተካክላል። በመጋዝ ከተቆረጠ በኋላ በቢላዋ ጀርባ ይፍቀዋል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ገጥሞ ወደ ብርሃን ያነሣቸዋል። ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት ካየ እንደገና ይጀምራል። አንዱን ጎን ብቻ ሲያስተካክል ሦስት ቀን ፈጀበት። ሁለቱ ጫፎች ከገጠሙ በኋላ እኔ እይዛለሁ፤ እሱ ከቡናማው ጠርሙስ በመርፌው ይስባል።

"ጋሼ ውበቴ፣ ትንፋሽዎን ያዙልኝ" ይለኛል።

የመርፌውን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ያስጠጋና ቀስ ብሎ ይገፋዋል። ጠብታዋ ስትነካ ማንም ሳይገፋት ከዳር እስከ ዳር ትሮጣለች። እንደ ብር ክር ነጭ ሆኖ ይታይ የነበረው መስመር እዚያው ዓይናችን ሥር ይጠፋል። ከዚያ ያለ አንዳች መነቃነቅ መያዝ ነው። እጄ ይደነዝዛል። ሽታው አናቴን ይመታኛል።

"ውጡ ጋሼ፣ ነፋስ ይቀበሉ። ይሄ ነገር መጀመሪያ ያስቃል፣ ኋላ ያስተኛል።"

"አንተስ?"

"እኔን ለምዶኛል።"

አንድ ቀን "ይሄ ሙጫህ ከምን ይሠራል?" ብዬ ጠየቅሁት። ቅር አለው።

"ሙጫ አይበሉት ጋሼ። ሙጫ መሀል ገብቶ እዚያው ይቀራል። ይሄ ሁለቱን ጫፎች ያቀልጥና አንድ ያደርጋቸዋል፤ እሱ ራሱ ተንኖ ይሄዳል። ሽማግሌ ማለት ነው፤ አስታርቆ ቤቱ ይገባል። ለዚህ ነው የማይለቀው። የሚለቅ ነገር መሀሉ ላይ የለማ!"

አራት ጎንና አንድ ክዳን ስምንት መጋጠሚያ አለው። ስምንቱ አልቀው ወረቀቱን የገፈፍን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ከበቡት። ሣጥን አይታይም። ዛላው አየር ላይ የቆመ ይመስላል። ባንቺዓለም የምትባል የጽዳት ሠራተኛችን እጇን ሰድዳ ስትነካው ደንግጣ መለሰችው።

ጓድ ፋንታ መጣ፣ ዞረው፣ አንድ ቦታ ላይ ጉድፍ አየሁ ብሎ ምራቁን እትፍ አለና በአውራ ጣቱ አሸው። አብዱሰመድ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ከኪሱ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አውጥቶ፣ በውሃ አርሶ፣ ያን ቦታ ጠረገው።

አብዱሰመድ የአማርኛ ፊደል ያነባል እንጂ እጁ ለጽሕፈት አልተገራም ነበር። እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ከዚያ በራሴ እየታገልኩ መጻፍ ከቻልኩ ገና ብዙ አልቆየሁም። "ይጻፉልኝ" አለና ነገረኝ፤ ጻፍኩ። "በሳሙናና በውሃ ብቻ ይታጠብ። ለስላሳ ጨርቅ ይሁን። አረቄና ቤንዚን በፍጹም አይንካው።" ወረቀቱን በጀርባ በኩል፣ እንግዳ በማያየው ቦታ ለጠፍነው።

በማግስቱ ጓድ ፋንታ አየው። አነበበ። "አረቄ" የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ።

"አያችሁልኝ? ሃይማኖቱን ኤግዚቢሽናችን ላይ ለጥፎልን ሊሄድ! አረቄ አይንካው! ነገ ደግሞ አሳማ አይለፍበት ይለናል።"

ገንጥሎ ጨምድዶ ጣለው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። "ጓድ፣ ሰውየው ያለው ለሃይማኖት አይመስለኝም" አልኩ።

"አንተ ሽማግሌ፣ እስላም አረቄን ለምን አይነካውም? ንገረኛ!"

ሰዎቹ እንደገና ሳቁ። እኔ አንድ ጊዜ ተናገርኩ፤ ሁለተኛ አልተናገርኩም።

የነገሩን ሥር የእኛ አገር ሰው ይረዳዋል። ብቸና ላይ የፋኖስ ብርጭቆ ጥላሸት ሲይዝ በአመድ ታሽቶ በአረቄ ነው የሚወለወለው። እናቶቻችን ያደረጉት ነው፤ ባንቺዓለምም የአዳራሹን ፋኖሶች እንዲሁ ታበራቸው ነበር። ስለዚህ ጓድ ፋንታ በዚያው ቀን "እንግዶቹ ሳይመጡ ይሄ ሣጥን ቦግ ይበል!" ሲል፣ ማንም እንግዳ ነገር የታዘዘ አልመሰለውም።

"በሳሙና ልጠበው፣ ጓድ?" አለች ባንቺዓለም።

"ሳሙና ምን ያበራል! እንደ ፋኖስሽ በአረቄ ወልውይው።"

የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍቶ ዳግም አረቄ አወጣ። ሁለት ጊዜ የወጣ፣ ክብሪት ቢለኩሱበት የሚነድ አረቄ። ከጨርቋ ላይ አፈሰሰላት፤ ራሱም ከጠርሙሱ ጎንጨት አለ። ለምሳ የሚጠጣው ነው። ባንቺዓለም አራቱንም ጎን፣ ክዳኑንም፣ ጥጋጥጉን ሳይቀር ወለወለችው። አበራ። ፋንታ "እሰይ!" አለ። በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

ጧት ስከፍት ሣጥኑ ታውሮ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል እንደ ሸረሪት ድር፣ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ፣ ሺህ ስንጥቅ ገብቶበታል። ዛላው ከኋላው ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። በጣቴ ሳልፍበት ለስላሳ ነው፤ ስንጥቁ ሥጋው ውስጥ ነው።

አብዱሰመድ መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ ሞጣ አልሄደም ነበር፤ ከተማው ውስጥ አንድ ዘመዱ ቤት አርፏል። ሁለት ሚሊሺያዎች ሄደው ያዙት። ጓድ ፋንታ "አሻጥር" የምትለዋን ቃል ተናገረ። የዚያን ዘመን ሰው ያቺ ቃል ምን እንደምትመዝን ያውቃል። በአሻጥር የተያዘ ሰው ተመልሶ ይመጣል ተብሎ እራት አይቆይለትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ሲከፈት ኸይራት ከሞጣ በጭነት መኪና ላይ ተጭና መጣች። ስንቅ ይዛለች፤ የስንዴ ቂጣና ማር። ጣቢያው በር ላይ ጠባቂዎቹ ተቀበሏት፣ ገልጠው አዩት፣ "ሥጋ የለበትም? እንግዲያው ለእኛም ይሆናል" ተባባሉና እዚያው ፊቷ ቆመው በሉት። አንዱ ጣቱን እየላሰ "የሞጣ ማር" አለ። ባዶውን ሳህን መለሱላት። ያን ዕለት ከቤቴ ሽሮ አስወጥቼ በእጄ ለአብዱሰመድ አስገባሁለት። በልቶ ሲጨርስ "መጋጠሚያዎቹን አይተዋቸዋል?" አለኝ።

"የትኞቹን?"

"የሣጥኑን። ለቀዋል?"

"ኧረ ሰውዬ፣ አንተ ስለ ራስህ አስብ!"

"ስለ ራሴ ነው እኮ የጠየቅሁዎት።"

በማግስቱ ኮሚቴው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሰባት ሰዎች። ሣጥኑ መሀል ቆሟል። ኸይራት በሩ አጠገብ ቆማለች። ጓድ ፋንታ ተነሥቶ "የዚህ ሰው ማጣበቂያ ፕላስቲኩን በልቶታል" አለ። "መርዝ ነው፤ ሽታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።"

"ፍቀዱልኝ" አለ አብዱሰመድ። "ማጣበቂያዬ የነካው ጫፉን ነው። ስንጥቁ ግን መሀል ሜዳ ላይም አለ። ያልነካሁትን ቦታ እንዴት በላው? አንድ ቁራጭ ፕላስቲክና ትንሽ አረቄ ስጡኝ።"

አንዱ የኮሚቴ አባል ገብረ ሕይወት የሚባል አስተማሪ ነበር፤ "ይሰጠው" አለ። ከትራፊው ሁለት ቁራጭ፣ ከጎረቤት ቤትም ትንሽ አረቄ አመጣሁ። አብዱሰመድ ሁለቱንም በሁለት ድንጋዮች መካከል ለመጥ አድርጎ አስጨነቃቸው። አንዱን ራሱ በሳሙና ውሃ ጠረገ።

"አረቄውን እኔ አልነካውም" አለ። "እህቴ ትወልውለው።"

ባንቺዓለም ሌላውን ወለወለችው። ሃምሳ እንኳ ሳንቆጥር ያ ቁራጭ ጠሽ አለ፤ በጆሮ ይሰማ ነበር። ስንጥቁ እያየነው ሮጠ። በሳሙና የተጠረገው እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት እንዳለ ነው።

"ሣጥኑም እንደዚህ ጫና አለበት" አለ አብዱሰመድ። "መጋዝ አልፎበታል፣ መጋጠሚያ ይዞታል። በሰላም ከተዉት ዕድሜ ልኩን ይኖራል። አረቄ ካገኘው እንዲህ ነው። ስለዚህ ነበር ጋሼን አስጽፌ የለጠፍኩት። ወረቀቱ የት ነው?"

አስተማሪው ወደ ባንቺዓለም ዞረ።

"በአረቄ የወለወልሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ማን አዘዘሽ?"

ባንቺዓለም ጓድ ፋንታን አየችው። እሱ ፈገግ ብሎ ክብሪት እንጨቱን አፉ ውስጥ ያዞራል። "ልማዴ ነው" አለች።

"አረቄውንስ ከየት አመጣሽው?"

"ከቤቴ።"

ባንቺዓለም ቤት ጨው እንኳ በብድር እንደሚገባ የማያውቅ እዚያ አልነበረም። የፋንታን መሳቢያም የማያውቅ አልነበረም። ሰባቱ ሰዎች አንድ ቃል አልተነፈሱም። በሩ ላይ የቆምኩት እኔም ስምንተኛው ነበርኩ። ይህንንም መጻፍ ስላለብኝ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ ጓድ ፋንታ ቸር ሆነ። "ጓዶች፣ ይህቺ ጭቁን ሴት ናት። እሷን አንነካም" አለ። "ሰውየውንም ቢሆን ለበዓሉ ክብር ስንል እንለቀዋለን። አሻጥር የሚለውን እንተወው። ቃለ ጉባኤው ላይ፣ ሣጥኑ የተበላሸው ማጣበቂያው ጥራት ስለጎደለው ነው ብለን እንጻፍ። ይፈርምና ዛሬውኑ አገሩ ይግባ። የጤፍ መኪና ወደ ሞጣ ይሄዳል።"

ሁሉም ተነፈሱ። ኸይራት "አልሐምዱሊላህ" አለች። ጸሐፊው ጻፈ፣ አነበበ፣ እስክሪብቶውን ዘረጋ።

አብዱሰመድ እስክሪብቶውን አልተቀበለም።

"ሌላ ጻፉ" አለ።

"ምን ሌላ?"

"ቸኮለ በሉ። ሳያስጠነቅቅ ሄደ በሉ፤ ውሸት ነው፣ ግን ጻፉት፣ እፈርማለሁ። ማጣበቂያው ጥራት የለውም የሚለውን ግን አልፈርምም። ማጣበቂያው ምንም አላደረገም።"

"ሰውዬ" አለች ኸይራት ከበሩ፣ ነጠላዋን እያጠበቀች፣ "ፈርምና እንሂድ! ፕላስቲክ ነው እኮ! የአባትህ ቀብር መሰለህ? ልጅህ ሦስት ቀን በር በሩን ስታይ ከረመች!"

"ኸይራት፣ ፈርሜ ሞጣ ብገባ ምን ልሠራ ነው? ሰው ሰዓቱን ይዞ ሲመጣ፣ ማጣበቂያዬ የማይረባ ነው ብሎ የፈረመ ሰው አይለኝም?"

"ማን ያነበዋል ወረቀታቸውን!"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

ከዚያ ወደ ሣጥኑ ሄደና ሁለቱን ሚሊሺያዎች ጠራ። "ኑ፣ አላቁት። መጋጠሚያው ከለቀቀ እፈርማለሁ። ወላሂ እፈርማለሁ።"

ሚሊሺያዎቹ ፋንታን አዩ። ፋንታ ነገሩ እንደ ትግል ግጥሚያ ጣመውና "በሉ!" አለ። አንዱ አንዱን ጎን፣ ሌላው ሌላውን ይዘው ጥጉን ወደየራሳቸው ጎተቱት። አንደኛው እግሩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ሳበ። ጠሽ ሲል ሰምተን ሁላችንም ዘለልን። የፊቱ ፕላስቲክ መሀል ለመሀል ተሰብሮ ሚሊሺያው በጀርባው ወደቀ። እጁ ላይ የቀረው ቁራጭ ከጎኑ ቁራጭ ጋር እንደ ተጣበቀ ነበር። አስተማሪው ተነሥቶ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ዳሰሰ። "አልለቀቀም" አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ያህል።

አንድ እውነተኛ ሰው እዚያ ቢኖር ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ጓድ ፋንታ ግን "አሁን ደግሞ የመንግሥት ንብረት ሰበረ" አለ። "ቃለ ጉባኤውን ኮሚቴው ይፈርም። እሱ እስኪጣራ ጣቢያ ይቆይ።"

ሰባቱም ፈረሙ። "አልለቀቀም" ያለው አስተማሪ ሳይቀር ፈረመ፤ ያውም ባማረ ፊርማ። ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ፤ የአዳራሹ ጠባቂ ስለሆንኩ ምስክር ብለው አስገብተውኛል። በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ፤ ሰዎቹ ተቁነጠነጡ። "ይህን አልፈርምም" ብዬ መለስኩ።

"ተዉት" አለ ፋንታ። "ዘበኛ ፈረመ አልፈረመ ምን ይለውጣል!"

አልዋሸም፤ ምንም አልለወጠም።

በዓሉ ተከበረ። የተሰበረው ሣጥን ላይ ቀይ ጨርቅ አልብሰው ዛላውን ከላይ አኖሩት። እንግዶቹ በፊቱ ሲያልፉ አንዱም ዞሮ አላየውም። ሳምንታት የተለፋበት ነገር፣ ሰው የታሰረበት ነገር፣ የአንድ እንግዳ ዓይን አላረፈበትም። ጓድ ፋንታ ለተሳካ ኤግዚቢሽን የምስጋና ወረቀት ተሸለመ።

አብዱሰመድ አምስት ወር ታሰረ። የጠየቀው አልነበረም፣ ያጣራም አልነበረም። ጥር ውስጥ አንድ አዲስ መቶ አለቃ ጣቢያው ተመድቦ መጣና መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ ሰውየው የተከሰሰበትን ነገር አጣው፤ "ይሄ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?" ብሎ አስወጣው። ይቅርታ ያለው የለም። ሲወጣ ሳል ይዞት ነበር፤ ጉንጩ ሟሙቷል። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦኝ ወደ መኪናው ሄደ። ሞጣ ገብቶ ሱቁን ከፈተ። ሰው ሰዓቱን ይዞ መምጣቱን አልተወም፤ እንዲያውም ወሬው ቀድሞት ስለገባ "ሚሊሺያ ጎትቶ ያላላቀቀው" እያለ የሚመጣ በዛ።

ግንቦት ላይ ጓድ ፋንታ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ያ የምስጋና ወረቀት ተዘርግቷል። ከአምናው የተረፈ ጥርት ያለ ፕላስቲክም አለ።

"ውበቴ፣ ሞጣ ሂድልኝ" አለ። "ያ እስላም ይሄን ወረቀት በሁለት ፕላስቲክ መሀል አድርጎ ዙሪያውን ያጋጥምልኝ። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው። የእሱን ያህል የሚሠራ የለም።"

ፊቱን አየሁት፤ ቀልድ ፈለግሁበት። አልነበረም። ሰውየው ያደረገውን ረስቶት ነበር። እንደ በደል ቆጥሮት ቢሆን ኖሮ አይረሳውም ነበር። እሱ ግን እንደ በላው እህል ነው የረሳው። ቢሆንም ታዝዣለሁና ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ ገባሁ።

አብዱሰመድ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። ኸይራት ውኃ አመጣች። "ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?" አለ። ጨርቁን ፈታሁ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ቀስ ብሎ አነበበ፤ "ለተሳካ ኤግዚቢሽን ዝግጅት" የሚለው ጋ ጣቱን አቆመ። ያመጣሁትን ፕላስቲክ በጥፍሩ መታ አደረገው።

"ጥሩ ፕላስቲክ ነው" አለ።

"ጥሩ ነው።"

"የግማሽ ቀን ሥራ ናት።"

ኸይራት በመጋረጃው በኩል አንገቷን አወጣች። "እምቢ ብለህ ደግሞ እንዳታስፈጀን! ሥራለትና ይሂድ፣ አንተ ሰው!"

አብዱሰመድ ወረቀቱን አጥፎ መልሶ በጨርቁ ጠቀለለውና በሁለት እጁ ሰጠኝ።

"ለጓድ ፋንታ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ" አለ። "ሥራውን ብሠራላቸው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ማጣበቂያዬ ጥራት የጎደለው መሆኑ በቃለ ጉባኤ ተጽፏል። ሰባት ሰው ፈርሞበታል፣ ማኅተምም አለበት። እንዲህ ያለውን የክብር ወረቀት በእንዲህ ያለ ማጣበቂያ ባጋጥም አሻጥር ይሆንብኛል።"

ኸይራት መጋረጃውን በአፏ ላይ ጎተተችው። እየሳቀች ይሁን እየፈራች አላወቅሁም፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ብቸና የደረስኩት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። ጓድ ፋንታ ቤቱ ምሳ ላይ ነበር፤ አስገቡኝ። ቆሜ የአብዱሰመድን ቃል አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ተዘጋጅቼም ነበር። እንኳን ሊቆጣ፣ በሳቅ ፈነዳ።

"ተጫዋች ነው እኮ ያ እስላም!" አለ። "ማኅተምም አለበት አለ? ሃ! በል ተወው፣ አዲስ አበባ እልከዋለሁ።" ከሳቁ የተነሣ የወጣውን እንባ በመዳፉ ጠረገና ወደ ማዕዱ ጠቆመኝ። ዶሮ ቀርቧል። "ደክሞሃል፣ ና ቁጭ በል። እጅህን ታጠብና አብረን እንብላ።"

"ፆም ይዣለሁ" አልኩት።

ክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ። በዓለ ሃምሳ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይፆምም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የምስጋና ወረቀቱን ማዕዱ አጠገብ አስቀምጬለት ወጣሁ።